ሾላው ሥር የቀረው ቤት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ከኦስሎ እጅ እነሣለሁ። ጉልበትዎን ተሻለዎት? ሾላው ሥር ያለው ቤታችንስ ክረምቱን እንዴት አለፈው፤ ጣራው አላፈሰሰም? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርዎ ሦስቴ ሞክሬ አንደበቴ እምቢ ቢለኝ ነው የጻፍኩት።

ለትምህርቴ ስለ አንዲት የእንግሊዝ መንደር አመሠራረት እያጠናሁ ነበር። ድሮ ኮረብታ ላይ፣ ምንጭ ዙሪያ የተቆረቆረች ናት። በኋላ የአካባቢው ባላባት በመስኮቱ የሚያያቸው ጎጆዎች አስጠሉትና አስፈረሳቸው፤ ሰዎቹንም ታች መንገድ ዳር በገመድ በተለካ መስመር አሰፈራቸው። መዝገቡ «ወደው ወረዱ» ይላል። ላይ የተረፈው የባላባቱ ጸሐፊ ቤት ብቻ ነው፤ የሚፈርሱትን ቤቶች የመዘገበው እሱ ነበር።

ማክሰኞ ቢየርቪካ በሚባለው የከተማው ሠፈር ቢሮ ስናጸዳ ይህንን ለእትዬ አሰለፈች አወራኋት። እንግዳ ሆኜ ስመጣ ቤቷን ከፍታ ያኖረችኝ፣ እንደ ልጇ የምታየኝ ሴት ናት። መወልወሏን አቆመች። እኛም አገር እንዲሁ ነበር አለችኝ። በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምሥረታ ተብሎ፣ ዝናብ ከገባ በኋላ ጣራቸውን አነሱባቸው። እናቷ አራስ ነበሩ። ሕፃኑ ስም እንኳ ሳይወጣለት መንገድ ላይ ሞተ። ያልፈረሰው አንድ ቤት ብቻ ነበር አለች፤ ሾላው ሥር ያለው፣ የጸሐፊው።

የመንደሩን ስም ስትጠራ ክው ብዬ ቀረሁ። የእኛው ነው፣ አባዬ! እኔ የተማርኩት ባሕር ዳር ስለሆነ ለሰው ሁሉ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ እላለሁ፤ እሷም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

እርስዎ «ሰዉ መንገድና ውኃ ፈልጎ ወዶ ወረደ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ እንደነበሩም በኩራት ነበር የሚነግሩኝ። እንዴት አንድ ቀን እንኳ የእኛ ቤት ለምን ቀረ ብዬ አልጠየቅሁም? ተናድጄብዎታለሁ፤ ደግሞም ናፍቀውኛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ እሄዳለሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እነግራታለሁ። በሯን ብትዘጋብኝም አልቀየማትም። እርስዎ ግን መልሱን በስልክ አይንገሩኝ። ያን ጊዜ የእነሱን ቤት በመዘገቡበት እጅዎ ይጻፉልኝ።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥዎ፤ ጣራዎንም ያጽናልዎ።

ሾላው ሥር የተወለደችው
ልጅዎ