ከኮርኒሱ በላይ የወጣው ኬብል

ሰኞ

የአይጥ ሽንት ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሏል። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁት፣ በረኪናም ነካ አደረግሁበት። አሁንም አለ። እራት መብላት አቃተኝ።

እንዲህ ያደረገኝ የዋናው ሕንፃ የኔትወርክ ካቢኔ ነው። ከተገጠመ ጀምሮ ማንም የከፈተው አይመስልም። ስንከፍተው እናት አይጥ ከነልጆቿ ገመዶቹ የሚሰኩበት አሮጌው ስዊች ላይ ተኝታለች፤ ሙቀቱ ተመችቷታል። ኬብሉን ቆራርጣ አንጥፋበታለች። ባልደረባዬ ብሩክ ሮጦ ወጥቶ ደጅ አስመለሰው። ከዚያ "በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም" እያለ ተመልሶ በመጥረጊያ ጠረገው። ከሱ ጋር መሥራት የምወደው ለዚህ ነው። ይጸየፋል፣ ግን ይመለሳል።

የኮሌጃችን ኔትወርክ ይኸው ነው እንግዲህ። የተማሪው ውጤት፣ ደመወዙ፣ ፈተናው፣ ሁሉም በነዚህ ሳጥኖች ውስጥ ነው የሚያልፈው። አሮጌዎቹ መንቀርፈፋቸው ሳያንስ፣ ማንም መጥቶ ገመድ ቢሰካባቸው ዝም ብለው ያስገባሉ። ቫይረስ ገብቶ የሬጅስትራር ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ ነው አዲስ ይገዛ የተባለው። አዲሶቹ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲሰካባቸው ይዘጉታል። መዝጋቢዎቹ እኔና ብሩክ ነን።

የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ጋሽ ጌታሁን ሊያዩን መጡ። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይሄን ቆሻሻ ካንቺ በቀር ማን ይደፍረዋል" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ውሃም አስመጡልን። እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳን ያስተከሉት፣ እስከ ሣልስት ከለቀስተኛው ጋር የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ እንደሳቸው የማከብረው ሰው የለም።

ማክሰኞ

የሴቶች ዶርም። ፕሮክተሯ እትዬ አስቴር ብሩክን በር ላይ አስቆሙት። "ወንድ ያለ እኔ አይገባም!" ከዚያ ፊት ፊቱ እየሄዱ "ወንድ እየገባ ነው!" እያሉ በየክፍሉ ጮሁ። ብሩክ መሬት መሬቱን እያየ ተከተላቸው።

ካቢኔው ከሻወር ቤቱ ግድግዳ ጋር ተለጥፏል። የተደፈነ ፍሳሽ ሽታ፣ እርጥበት፣ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ። እዚህ አምጥቶ የገጠመው ሰው ምን እያሰበ ነበር? አፌን በሻርፕ አስሬ አሮጌውን ስዊች በአዲሱ ቀየርኩት።

ፕላኑ ላይ የሌለ አንድ ኬብል አገኘን። ከአሮጌው ስዊች ተነስቶ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። "የድሮ ዋይፋይ ይሆናል" አለ ብሩክ። ስላልተመዘገበ አዲሱ ስዊች ዘጋው። ባለቤቱ ይመጣል ብዬ ተውኩት። ኢንተርኔት ተቋርጦበት ዝም የሚል ሰው አላውቅም።

ሜሮን የምትባል የነርሲንግ ተማሪ ስታልፍ "እህት፣ አሁንስ ይፈጥናል?" አለችኝ። "ይፈጥናል" አልኳት። እየሳቀች ወደ ሻወር ቤት ገባች።

ረቡዕ

መጻፍ አልፈልግም። ካልጻፍኩት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት ስልኩ አላርፍ አለ። የፋይናንስ ፕሪንተር ቆመ፣ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ተዘጋ። እየሄድን አየን፣ መዘገብን። ከምሳ በፊት ጋሽ ጌታሁን ቢሮዬ መጡ። እንደ ሌላው ሰው መደወል ይችሉ ነበር። ብሩክ እስኪወጣ ጠብቀው በሩን ገፋ አደረጉት።

"ሴቶች ዶርም ያለችው ነገር ጠፍታብኛለች። ክፈቺልኝማ።"

"ምንድን ናት ጋሼ?"

"የውሃ ታንከር መቆጣጠሪያ ናት። ውሃው ሲጎድል በስልኬ ታሳየኛለች።"

"እሺ፣ አይቼ ልመዝግባት።"

"ምኑን ታያለሽ? ከዚሁ ሆነሽ አትከፍቻትም?"

እችላለሁ። እጄም ኪቦርዱ ላይ ነበር። እሳቸውን መጠርጠር በሐሳቤ አልመጣም። ብቻ ታንከሩ ከሕንፃው ጀርባ፣ መሬት ላይ ነው። ኬብሉ ደግሞ ወደ ላይ ነው የወጣው። "ከምሳ በኋላ" አልኳቸው።

እትዬ አስቴር መሰላሉን ያዙልኝ። ሻወር ቤቱ ውስጥ፣ ልብስ ከሚቀየርበት በላይ፣ ኮርኒሱ አንድ ቦታ ላላ ብሏል። ገፋ አድርጌ በስልኬ አበራሁ።

ካሜራ። ትንሽ፣ ጥቁር፣ በፕላስተር የታሰረች። በብሎን ቀዳዳ ወደ ታች ታያለች። ሴቶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ወደሚያስቀምጡበት አግዳሚ ወንበር።

"ምንድን ነው?" አሉ እትዬ አስቴር ከታች። "ወጥተው ይዩት" አልኩ። ወርጄ መታጠቢያው ላይ አስመለሰኝ። እሳቸው በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው ወጥተው አዩ። ሲወርዱ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። "ልጆቼን" አሉ። "እኔ በር ላይ ተቀምጬ ወንድ ስከለክል፣ ልጆቼን።"

ምንም አልነካሁም። ፎቶ አነሳሁ። እትዬ አስቴር ሻወር ቤቱን ቆለፉት።

ጌታሁንን አንቱ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ከአሁን ወዲያ እሱ ነው። እጁን ያሳረፈበት ትከሻዬ ይቆጠቁጠኛል። ሁለቴ ታጠብኩት።

ሐሙስ

ፎቶውን ለአይቲ ኃላፊያችን ለፍቃዱ አሳየሁት። አብረን ነው የተቀጠርነው፤ ይረዳኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄው "ማን ማን አይቷል?" የሚል ሆነ። ስለ ልጆቹ አንድ ቃል አልወጣውም።

"ንቀዪና አምጪልኝ። በውስጥ እንጨርሰዋለን። ሰውዬው ጡረታ ሊወጣ ነው፣ የኮሌጁም ስም አለ።" ይሄን ሲል ሻዩን ፉት እያለ ነው።

"አልነቅልም።"

"ትእዛዝ ነው።"

"በጽሑፍ ስጠኝ።"

ሻዩን አስቀምጦ ስልኩን አነሳ። ወጣሁ።

ኮሪደሩን ሳልጨርስ ጌታሁን ደወለ። ከፍቃዱ በቀር ማን ይነግረዋል? "የኔ ልጅ" አለኝ በዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ "የእናትሽን አስከሬን የተሸከምኩ ሰው ነኝ። እኔን ታዋርጂኛለሽ?" ዘጋሁበት። ከሁሉም የቀፈፈኝ ይሄ ነው። ሐዘኔን ራሱ አቆሸሸብኝ። አሁን እናቴን ሳስብ የሱ ፊት ይመጣብኛል።

ወደ ዶርሙ ሮጥኩ። እትዬ አስቴር ሻወር ቤቱ በር ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፤ ቁልፉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። "መጥቶ ነበር" አሉኝ። "ቁልፉን ስጪኝ አለኝ። ጮኼ ልጆቹን ልጥራ ወይ ስለው ሄደ።"

ብሩክን ወንበሩ ላይ አስቀምጠን ሁለታችን ወደ ጳውሎስ በሚወርደው ታክሲ ገባን። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዘውኝ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ያገኘናት መርማሪ ሴት ናት። ፎቶውን አየች። መልሳ አየችው። ኮፍያዋን አነሳችና "ተነሱ፣ እንሂድ" አለች።

ዓርብ

ፖሊሶች ጌታሁንን ወሰዱት። ትናንት ካሜራዋን ፈትተው ዛሬ ላፕቶፑንና ስልኩን ከቢሮው አወጡ። ኮቱን ቆልፎ፣ ለጥበቃዎቹ "ደህና ዋሉ" እያለ ወጣ። ደህና ዋሉ! እነሱም ከልማድ ብድግ አሉለት።

ሻይ ቤት የፋይናንሷ ሴትዮ "ሰይጣን አሳስቶት ነው" አለች። ሰይጣን ኬብል አይዘረጋም አልኳት። ሻዬን ትቼ ተነሳሁ።

ዲኗ ሴቶቹን ሰብስባ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ከዚያ ሜሮን ተነሳች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ዲኗ ወደ እኔ ዞረች። "አላውቅም" አልኩ።

"ለሌላ ሰው ልኮት ይሆን?"

"አላውቅም። መርማሪዋም ገና እያየች ነው።"

አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ብዙዎቹ። ፍቃዱ ጥግ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ንቀይ ማለቱን ለመርማሪዋ ተናግሬያለሁ። ሰኞ ቃሉን ይሰጣል።

ቅዳሜ

ሻወር ቤቱ የሚገባ የለም። እዚሁ ከተማ ቤተሰብ ያላቸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ የክፍለ ሀገሮቹ ክፍላቸው ውስጥ በባልዲ ይታጠባሉ።

እኔና ብሩክ የዶርሙን ኮርኒስ በሙሉ እየከፈትን እያንዳንዱን ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልን። አቧራ በላን። ሌላ ነገር የለም። ስዊቹ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ አሁን በስሙ አውቀዋለሁ። ይህን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። አመኑኝ አልልም። ጌታሁንንም እኮ አምነውት ነበር።

ከሰዓት ሜሮን መጣች። "እኔ ራሴ ልየው" አለች። መሰላሉን ያዝኩላት። በየማዕዘኑ አበራች፣ እጇን እየሰደደች ዳሰሰች፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሳሙና ደፈነች። ስትወርድ ፀጉሯ በአቧራ ነጭ ሆኗል።

"በሩ ላይ ትቆሚልኛለሽ?"

ቆምኩ። ውሃው ተከፈተ። ወዲያው ተዘጋ።

"አለሽ?" አለች ከውስጥ።

"አለሁ።"

ደግሞ ተከፈተ።