ስለ እህቴ ጣት፣ ሳይዘለል የሚነበብ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነውና ናፍቆቴ ይህን ያህል ነው ብዬ አልጨርሰውም። ለመሆኑ እንዴት ሰንብተዋል? ወገብዎ እንዴት ይዞዎታል? ዓይንዎስ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አሁንም ይታዘዝዎታል? እማዬ ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? አክስቴንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ተመስገን ነው።

ደብዳቤውን በጎረቤታችን በአስተማሪው አድራሻ መላኬ እንደሚያስቆጣዎ አውቃለሁ። “የቤታችንን ጉድ ምን ብሎ ሰው ደጅ ያወጣዋል” እንደሚሉም አይጠፋኝም። ግን ሌላ መላ አጣሁ። የምጽፈውን የምታነብልዎ እህቴ ናት፤ የእርስዎንም ቃል የምትጽፍልኝ እሷው ናት። ስልክ እንዳልደውል የምታነሳው እሷ ናት፤ እርስዎ ደግሞ ስልክ ላይ “ደህና ነን” ብሎ ከመዝጋት ሌላ አያውቁም። ባለፈው ስለ እጇ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። የመጣልኝ መልስ ግን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተማሪዎቹ ዩኒፎርምና ስለ አክስቴ ሳል ነበር። ሦስቱን ገጽ ዘላቸዋለች ማለት ነው። ጋሼ አስተማሪው፣ እርስዎን የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያሳፍር ቦታ ሲደርሱ ጉሮሮዎን ጠርገው እንዳያልፉት።

በዚያው መልስ መጨረሻ ላይ ያለው ወሬ ነው ወሽመጤን የቆረጠው። በመጪው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ወጌሻው መጥቶ የደረቀውን ጣቷን በኃይል እየሳበ ሊያፍታታው ነው፤ የልብስ ስፌት ቤታችን ዘምዛሚና ካውያ የሚተኩሰው ሊይዟት ነው፤ ሰኞ ማሽኗ ላይ ልትቀመጥ ነው። ይህን ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት፣ ያውም በግራ እጇ፤ ፊደሎቹ ተንጋደው ከመስመሩ ወርደዋል። ማን ትከሻዋን፣ ማን ክንዷን እንደሚይዝ ሳይቀር እርስዎ አጠገቧ ቆመው እየነገሯት ጻፈችው። በምን አንጀትዎ እንደቻሉት አላውቅም። ብቻ እኔም ከዚህ በፊት ችዬ ነበር፤ እሱን ነው የምነግርዎ።

በፊት ግን ስለ ሥራዬ። እዚህ ሐኪም ቤት በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ከክፍል ክፍል አደርሳለሁ። ካለፈው ስድስት ወር ጀምሮ የነርቭ ሐኪሞች ወዳሉበት ፎቅ ተዛውሬአለሁ። እዚያ የሚመጡትን ሰዎች ሲያዩዋቸው ምንም አይጎድላቸውም። ቁስላቸው ድኗል፣ ስብራታቸው ገጥሟል፣ ራጅ ሲነሡም ነቀፋ አይገኝባቸውም። አንዱ አናጢ ነው፤ እግሩ ላይ አንሶላ ሲያርፍበት ያቃስታል። እኔም እንደለመደብኝ “ይሄ ደግሞ ሥራ ጠልቶ ነው” አልኩና ልፈትነው ብዬ ወንበሩን ሆን ብዬ በበሩ ደፍ ላይ አንገጫገጭኩት። አልጮኸም። ላቡ ከአንገቱ ጀርባ ሲወርድ ታየኝ። ዞር ብሎ አየኝና “አንተም እንደ ልጆቼ ነህ” አለኝ።

በማግስቱ የፎቃችንን ሐኪም ጠየቅኋት። ቁስሉ ድኖ ነርቩ ሳይድን ሊቀር እንደሚችል ነገረችኝ። ከተጎዳው ቦታ ወሬ የሚያመላልሰው ነርቭ አንዴ ክፉኛ ከደነገጠ ትንሹን ሁሉ አጋንኖ ያወራል፤ አከርካሪ ውስጥ ያለው ተቀባዩ ደግሞ ላዩ ላይ ጨምሮበት ለአንጎል ያቀብላል፤ አንጎልም ሲደጋገምበት ሕመሙን እንደ ትምህርት ያጠናዋል። በመጨረሻ የእጅጌ መንካት እንደ ፍም ያቃጥላል። እኔ በሚገባኝ ያስቀመጥኩት እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ ከዚያ ወዲያ በባለቤቱም ኮቴ ይጮኻል። ሌባው የለም፣ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነው። በዱላ ዝም አሰኘዋለሁ ያለ ሰው ደግሞ ሰፈሩን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳል።

ስለ ወጌሻው ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እየያዙ በኃይል መሳብ ያንን ነርቭ የባሰ ያስደነግጠዋል፤ እስከ መጨረሻው ሊያበላሻት ይችላል አለች። የነርቭ ሐኪም ይያት፤ እስከዚያው ራሷ፣ በራሷ እጅ፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ ለስላሳ ጨርቅ ጣቷ ላይ ታስነካ፤ በቃኝ ስትል ይብቃት። መስታወት ፊቷ አቁማ የታመመውን እጅ ከበስተኋላው ደብቃ፣ ደህናውን ስታንቀሳቅስ መስታወቱ ውስጥ ትይ፤ አንጎል ቀስ በቀስ እየተታለለ ይረጋጋል አለችኝ። መስታወቱ የልብስ መለኪያው ክፍል ውስጥ አለ። ጨርቅ እንደሆነ በጨርቅ ድሃ የሆንበት ቀን የለም፤ ከሐር ቁራጭ ትጀምርና ሱፍ ላይ በዓመቷም ትድረስ።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። የማሽኑ መርፌ አመልካች ጣቷን ከላይ ገብቶ ከታች ከወጣ፣ ቁስሉም ከሻረ ወራት አልፎ ነበር። እሷ ግን ክር ነካኝ፣ ንፋስ ነካኝ እያለች ታለቅሳለች። “ወይዘሮ አትንኩኝ” የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ደንበኛው ሁሉ ተቀበለኝና ስንስቅ ከረምን። በመሃል እኔ ወደዚህ የምመጣበት የሥራ ፈቃድ መጣ። እርስዎ ሁለተኛው ማሽን ላይ ባዳ አላስቀምጥም ባይ ነዎት። ቁርጡን ነገሩኝ፤ እሷ ደህና ከሆነች ትሄዳለህ፣ እውነት ከታመመች በእሷ ቦታ ትቀራለህ። እኔም “ተኝታ ልፈትናት፣ በእንቅልፉ የሚያስመስል ሰው የለም” አልኩ። ሁላችሁም ብልሃቴን አደነቃችሁ።

ከምሳ በኋላ ጨርቁ ክምር ላይ ሸለብ አድርጓት ነበር። እናንተ በሩ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ጀርባዬን ነው። ከጥቅሉ ላይ አንድ ክር በጥሼ ጣቷ ላይ አስተኛሁት። ከዚያ ዞሬ “ንቅንቅ አላለችም” አልኳችሁ። እማዬ “ወይ ጉድ!” ብላ አጨበጨበች። እርስዎ ሄደው የሁለተኛውን ማሽን ሽፋን አነሡ።

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ሰው በእንቅልፉ አለመንቀሳቀሱ ምንም አያረጋግጥም አለችኝ። ቀጥላ “ለመሆኑ እውነት አልተንቀሳቀሰችም?” ብላ ጠየቀችኝ። ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋሁ ወጣሁ።

አባባ፣ ተንቀሳቅሳለች። ክሩ ገና ሲያርፍባት ዓይኗ ብልጭ አለ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ጩኸቷ እንዳይወጣ ጨርቁን ነከሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና በሹክሹክታ “ያየኸውን ንገራቸው” አለችኝ። እኔ ያልኳችሁን አልኳችሁ። መልሼ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች። ለእኔ ብላ ይሁን ወይም ተስፋ ቆርጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በአሥራ አንደኛው ቀን ተሳፈርኩ፤ እሷም ያን ዕለት ማሽኑ ላይ ተቀመጠች፤ ጣቷ ደርቆ አልታጠፍ እስኪል ድረስም ሰፋች። አንድም ቀን አላሳበቀችብኝም።

ተጸጽቶ ይመጣል ብለው ወንበሬን እንዳያስወለውሉልኝ። አልመጣም። ያ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ዛሬ እንደገና ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ አልምልም፤ እዚህ መሆን እወዳለሁ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ከእኔ ይስሙትና ወጌሻውን ያስቀሩት። የእርስዎን ወገብ ማንም በክር ፈትኖት አያውቅም። “ዛሬ ጠዘጠዘኝ” ሲሉ ሁላችንም ትራስ ይዘን እንሮጣለን፤ አጥንትዎን ከፍቶ ያየ ግን የለም። እሷንም እንደዚያው፣ በቃሏ ብቻ እመኗት።

እማዬን ጉልበቷን ስሙልኝ፤ ያጨበጨበችበትን ቀን ታስታውሰው እንደሆነም ጠይቁልኝ። አክስቴን እግዜር ይማርሽ በሉልኝ። ዘምዛሚውና ካውያ ተኳሹ ለቅዳሜ ሌላ ሥራ ይፈልጉ። ጋሼ፣ ስላነበቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ መልሱንም እርስዎ ይጻፉልኝ።

ለእህቴ ሰላምታ አልላክሁም። ሰላም ካልኳት መልስ ልትጽፍልኝ እስክሪብቶ ታነሣለች።

ልጅዎ
ከሐኪም ቤቱ ሠራተኞች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ጥቅምት ፱ ቀን