መስኮቱን የሰበረው ማን ነበር?

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የልጆች ክፍል

ጩጬዬ፣ የኔ ሆድ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የእማማ ጉልበት አሁንም ዝናብ ይተነብያል፤ ከሬዲዮው ይልቅ ይሳካለታል። የጻፍሽው መጽሐፍ ደርሶኛል። ሽፋኑ ያምራል። እኔ ሽፋን ሳመሰግን ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ።

ታሪክሽ ውስጥ ያለችው ልጅ የጠፈር መርከብ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት አየሩ እያለቀ ነው። እሷ ሣጥን ላይ ተቀምጣ በረጅሙ ትተነፍሳለች። አየር የሚያልቀው እኮ እንዲህ ነው። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ካፒቴኑን ትጠብቃለች፤ እሱም ጸጉሩን ወደ ኋላ መልሶ፣ መስኮቱን በመዶሻ ሰብሮ ያወጣታል። ጎረቤታችንን የሳይንስ አስተማሪውን ጠየቅኩት። ጠፈር ላይ መስኮት መስበር ለጤና እንደማይበጅ በትሕትና ነገረኝ።

እኔ ግን መስኮቱን አውቀዋለሁ። የአባባ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ልጆች ሳለን በሩ ከውጭ ተዘጋብን፣ የቫርኒሹ ጣሳ ተደፋ፣ ሽታው ጉሮሯችንን አነቀው። ሣጥን ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችው እኔ ነኝ፣ ታላቅ ተብዬዋ። መዶሻ አንስታ መስኮቱን የሰበረችው፣ ደሟን እያንጠባጠበች ዞራ በሩን የከፈተችልኝ የስምንት ዓመት ጩጬ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሳወራላት የኖርኩትን ልጅ ወስደሽ እኔ ቦታ፣ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥሻት። መዶሻዋን ለአንድ ባለጸጉር ሰጠሽው። ይኼ ክህደት ካልሆነ ሌላ ስም አላውቅለትም።

መጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ «በሩን ሁሉ ለሚከፍትልኝ ባለቤቴ» ይላል። ስልክሽንም የሚያነሳው እሱ ነው። በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ይለኛል። አንቺ፣ በልጅነትሽ እንቅልፍ እንቢ ብለሽ ቤቱን የምታምሺው።

ቅዳሜ ለንባብ ክበቡ ልጆች አነበብኩላቸው። የጥርስ ሽቦ ያሰረች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ልጅቷ እጅ የላትም እንዴ?»

ሌሎቹ ሳቁ። «አላት» አልኳት። «አንጓዋ ላይ የመስታወት ጠባሳም አለ።»

«የቱ ገጽ ላይ?»

ገልጬ ፈለግኩላት። የለም።

ተቀይሜሻለሁ፤ ቅያሜዬን እያባበልኩ አልጽፍልሽም። እጆችሽን ይባርክልሽ፣ ሁለቱንም። የአባባ መዶሻ እኔ ጋ ነው፤ ካስፈለገሽ ይዤው እመጣለሁ።

እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን አንቺ አንሺው።

ሣጥኑ ላይ የነበረችው፣
እትዬሽ