የእማዬ እንትፍታ

ውኃ ላይ ውሎ ውኃ ላይ ለሚያድረው ወንድሜ ለስመኘው ይድረስ። እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያ የሚያንገላታህ ማዕበል ተወህ ወይ? የመርከቡ ሞተር ጆሮህን እንዳደነቆረው ነግረኸኝ ነበር፤ ዛሬ ጆሮህን አላስቸግረውም፣ በዓይንህ ታነበኛለህ። እኛ፣ እመብርሃን ክብር ምስጋና ይግባትና፣ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ብነግርህ ቀርጸህ ታወጣዋለህ ብዬ ነው። ወረቀት ከሥሩ ሙዚቃ አይገባበትም። የሚያደርስልህ አብሮህ የተማረው የባሕር ዳሩ ክንፈሚካኤል ነው፤ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ወደቡ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። በመንገድ እንዳይከፍተው በማርያም ስም አስምዬዋለሁ።

ባለፈው የላክኸው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። «እማዬ ጠላ ስትጠምቅ ቅረጪልኝ፤ ጋኑን ስትዘጋ እንትፍ የምትለዋ በደንብ እንድትሰማ ጠጋ በይ፤ ሰው ክፍል ሁለት አምጣ እያለኝ ነው» ያልኸው። አንተ መሆንህን ላረጋግጥ ደጋግሜ ሰማሁት። ቀረጻው ይኸውልህ። ድምፅ ስለሌለው ለጥራቱ ይቅርታ።

ኔት ከተለቀቀ ወዲህ ልጄ ትሕትና «የአጎቴን እዪ» እያለች በየወደቡ እየቀረጽህ የምታወጣውን ቪዲዮ ታሳየኛለች፤ «በዓለም የተጠሉ መጠጦች» ያልኸውን። ቬትናም ላይ እባብ የተዘፈዘፈበትን የሩዝ አረቄ አፍንጫህን ይዘህ ስትጋተው አይቻለሁ። ሜክሲኮ ላይ እንደ ተልባ የሚዝለገለገውን ነጭ መጠጥ በማንኪያ እያነሣህ እየጣልህ ስታሳይ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄ ነበር። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። አንተ ፊትህን ስታጨማድድ ጠማቂዎቹ ከኋላህ ቆመው ያዩሃል። የተጠላው እኮ አንተ ዘንድ ነው እንጂ እነሱ ዘንድ ሙሽራ የሚዳርበት፣ ሬሳ የሚሸኝበት መጠጥ ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለ? ይህን ጎጃሜ ያጣዋል?

ከዚያ የፔሩው መጣ። አሮጊቶቹ በቆሎውን አኝከው እየተፉ የሚጠምቁት። አንዲት ጥቁር ባርኔጣ ያደረገች እናት በቅል ቀድታ ሰጠችህ፤ ፉት አልህና ወደ ካሜራው ዞረህ እንዲህ አልህ፤ «ለነገሩ እኔ ማን ሆኜ ነው የምጸየፈው? የእኔም እናት ጠላዋ ላይ ትተፋ ነበር! ፍኖተ ሰላም ታንጉት ጠላ ቤት ሂዱና ጠይቁ።» ከዚያ ሳቅህ። አሮጊቷ ከኋላህ ፈገግ ብላ ቆማለች። ቋንቋህን ስለማታውቅ ያመሰገንሃት መስሏታል።

እንትፍ ማለት ምን እንደሆነ ላንተ አላስተምርህም፤ ግን እንዳልረሳኸው እርግጠኛ አይደለሁምና ልድገመው። እማዬ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ድፍድፉን በውኃ ከሞላች በኋላ አፉን በጭቃ ከመምረጓ በፊት ጎንበስ ትልና «እንትፍ እንትፍ፤ ከዓይን ያውጣህ» ትላለች። ከንፈሯ ደረቅ ነው። ምራቅ የለበትም፤ ምርቃት ነው። ሕፃን ሲታቀፍ፣ ሙሽራ ሲሸኝ፣ ላም ስትወልድ የሚባለው ነው። አንተም ባሕር ዳር ለትምህርት ስትሄድ ተብሎብህ ነው የሄድኸው። ታዲያ ምን ሆነህ ነው ለዓለም ምራቅ ብለህ የተረጎምኸው? ሳቅ ስላነሰህ ነው? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ወንድሜ።

ነገሩ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። መናኸሪያው አጠገብ የሚቆሙት ባጃጅ ነጂዎች ቤታችንን «እንትፍ ቤት» አሉት። ተሳፋሪ ሲያወርዱ «የእንትፍ ወራጅ አለ?» ይላሉ። ከረፋድ እስከ ማታ ከመደባችን የማይነሡት የጋሪ ነጂዎች አንድ በአንድ ቀሩ። ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ ጎራ የሚሉት ሰዎች መንገድ ቀየሩ። ትሕትናን ትምህርት ቤት ሲያዩዋት ወንበራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ አንዱን ጥርሱን አድምታው መጥታለች፤ እኔም አልተቆጣኋትም።

አትሳሳት፤ እንትፍ ምራቅ አለመሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እንትፍ ያልተባለበት ግንባር እዚህ አገር የለም። ግን ሰው የሚስቅበት ሲያገኝ የሚያውቀውን ደጅ አኑሮ ይገባል። ምስክሩም ከቤት ወጥቷል፤ «የወለደችው ልጅ ከተናገረ እኛ ማን ነን?» ይላሉ።

እማዬ ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አልነበረም። ደንበኛ ሲጠፋባት መጀመሪያ ጌሾውን ጠረጠረች፤ ነጋዴዋን ቀየረች። ቀጥሎ ውኃውን ጠረጠረች፤ ከምንጭ አስቀዳች። ቀጥሎ ብቅሉን ራሷ አበቀለች። ጠላው ወርቅ ሆኖ ወጣ፤ የሚጠጣው ጠፋ። በመጨረሻ እጇን ጠረጠረች። «እጄ ከዳኝ፤ አንድ የበደልሁት ነገር አለ» ብላ ጠበል ሄዳ እጆቿን እስከ ክርኗ ነከረች። ምን ልበላት? ፎቶህን ከሥዕለ ማርያም ዝቅ አድርጋ ሰቅላ ለወጣ ለገባው «ባሕረኛው ልጄ» ለምትል ሴት ምን ይባላል? እጇን ብትጠራጠር ይሻላታል ብዬ ተውኋት።

አንድ ጠዋት የጠላ ቤቱ ምልክት ጣሳ በተሰቀለበት እንጨት ላይ የአፍ መሸፈኛ ማስክ ታስሮ አገኘች። ጎረምሶቹ ናቸው። እማዬ ግን የጤና ጣቢያ ሰዎች ያስቀመጡት መመሪያ መሰላት፤ በዚያ ሰሞን ስለ ኮሌራ ሲለፈፍ ነበርና። አጥባ አደረገችው። እኔ ከገበያ ስመለስ ሁለት ጎረምሶች መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ እማዬ ማስኩን አድርጋ ትቀዳላቸዋለች። ሊጠጡ አልነበረም የመጡት። ስልካቸውን አውጥተው ሲያነሷት ሰው ተመለሰልኝ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ቆመችላቸው። ብርጭቆውን አንሥቼ ፊታቸው ላይ ደፋሁት። እሷ እኔን ተቆጣች፤ እንግዳ ላይ እንዲህ አይደረግም አለች።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ግንቦት ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራዋ ነበር። እንደምታውቀው ጠላ ቤቱ ሥራ ነው፣ ማኅበሩ ግን ክብሯ ነው። አክስታችን ወለተ ኢየሱስ ከቡሬ ድረስ ገብስ ጭና መጣች። እማዬ ለማኅበሩ የጠመቀችውን ያህል አሳምራ የጠመቀችበትን ቀን አላስታውስም። ማኅበርተኞቹ ሁሉም መጡ፤ መቅረት ያስነቅፋል። ጸሎቱ ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ተባረከ፣ ጠላው ተቀዳ። ከዚያ ሁሉም ብርጭቆውን እስከ ከንፈሩ አድርሶ መለሰው። አንዷ ጨጓራዋን አሳበበች፤ አንዱ መድኃኒት ላይ ነኝ አለ። እማዬ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መሐላቸው ቆመች። ያልጎደለ ብርጭቆ ላይ ምን ትጨምር?

መሪጌታ ቴዎፍሎስን ታውቃቸዋለህ፤ ቅኔ ከአፋቸው ሳይወጣ ጉባኤ አይበትኑም። ብርጭቆውን ራቅ አድርገው «ምን ይደረግ እንግዲህ፤ የእትዬ ታንጉትን ጠላ ልጃቸው ጠላ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በፊት የሳቀችው እማዬ ናት። የቄስ ልጅ ናትና ሰምና ወርቅ ስትሰማ ደስ ይላታል። ሳቋ ሳያልቅ ወርቁ ደረሰባት። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና «የትኛው ልጄ?» አለች። ከአንተ ሌላ ወንድ እንደሌላት እያወቀች ጠየቀች። መሪጌታው ጢማቸውን ያሻሹ ጀመር። ሌላው ሁሉ ጉዝጓዙን ያይ ነበር። አንድም ሰው ስምህን ለመጥራት ድፍረት አላገኘም፤ ለመሳቅ ግን አግኝተው ነበር።

ሲወጡ የተባረከውን ጽዋ እንደ ሞላ ትተውት ወጡ። የተባረከ አይደፋም። እማዬ፣ ለሰው እንጂ ለራሷ ቀድታ የማታውቀው ሴት፣ ከእኔና ከአክስታችን ጋር ቁጭ ብላ እስኪያልቅ ጠጣችው። ከዚያ «አሳዪኝ» አለችኝ። አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አየችው፣ እንደገና አየችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በጣቷ ወደዚያች ባርኔጣ ወዳደረገችው አሮጊት እያመለከተች «ይህች ምስኪን ምን ያስቃታል? አልገባትም መሰለኝ» አለች።

በማግስቱ ጣሳውን አወረደች። ጋኖቹን ማዶ ያለችው ፍሬሕይወት ጠላ ቤት ልትሠራባቸው ወሰደቻቸው። በወሰደቻቸው ቀን ሰው እንዲያያት በሯ ላይ አውጥታ በግራዋ፣ በአመድ፣ እንደገና በግራዋ ስትፈትግ ዋለች። እማዬ አጥሩ ሥር ቆማ አየቻት። «ወይራውንም አትርሺ» አለቻት። አክስታችን ለደቦ የሚጠመቅ ጠላ አለ ብላ ወደ ቡሬ ልትወስዳት ሞክራ ነበር። ጠርታት ሳትጨርስ የደቦው ባለቤት ጠላውን ሌላ ቦታ አዝዣለሁ ብሎ ላከባት። አንተ አንድ ጊዜ ስቀህ የሄድኸው ነገር ቡሬ ገበያ ቀድሞ ገብቷል። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ አንተ ግን የእናትህን ስም ነው ይዘህ የምትዞረው።

ቪዲዮውን አጥፋው አልልህም፤ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አስቀርቶታል። ይቅርታ ብለህ ሌላ እንዳትሠራ ግን አደራ። እያለቀስህ ብትወጣ ያምርብሃል፤ ክፍል ሦስት ይጠይቁሃል። ለእማዬም አትደውል፤ ስትደውል ድምፁን አጉልታ ስለምታነሣው ለጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፣ እነሱም ጆሯቸውን ይጥላሉ። መምጣት ከፈለግህ ሳትቀርጽ፣ ሳትናገር ናና መደቡ ላይ ተቀመጥ። የሚቀዳልህ ጠላ ግን የለም።

ባለቤቴ ናሁሰናይ ደኅና ነው፤ ሰላም በይልኝ አላለኝም፣ እኔ ግን እንዳለኝ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ትሕትና ስልኳ ላይ ስምህን አጥፍታለች፤ አጎቴ እያለች ስትኮራብህ የነበረችውን ልጅ እወቃት። አክስታችን ወለተ ኢየሱስ ከቡሬ ሰላምታዋን አድርሺ ብላለች፤ እግዚአብሔር ልቡን ይመልስለት ያለችውን ደግሞ እንዳለ ጻፊ ስላለችኝ ጻፍሁ። ጎረቤቶችህ ሁሉ ደኅና ናቸው፤ ሰሞኑን እንደነሱ የሚስቅ የለም።

እማዬን ትናንት ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ለስመኘው ምን ልጻፍለት አልኋት። ደኅና ናት በይው አለችኝ። ምርቃቱንስ ምን ብዬ ላስቀምጠው አልኋት። እንዝርቷን አቆመች። አፏ ሊከፈት ሲል በመዳፏ ያዘችውና፣ ተይው፣ ይጸየፈዋል አለችኝ።

እህትህ ያምሮት
ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.