ያልተቀባው የክዳኑ አንድ አምስተኛ

በሥራ ቦታቸው «ባለገመዱ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ቀለም ቀቢ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ከመክሳታቸው የተነሳ እናታቸው ይተነፍሱ እንደሆነ ለማወቅ ሳምንቱን ሙሉ እጃቸውን ከአፍንጫቸው ሥር አላነሱም ይባላል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው ወገባቸው ሲጎዳ ትምህርታቸውን አቋርጠው በብረት ሥራ ድርጅት ተቀጠሩ። በ1964 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ከመሰላል እንዳይወድቁባቸው ሲሰጉ፣ እሳቸው የሚጨነቁት ቀለም እንዳይባክን ነበር። ሁልጊዜ በገመዳቸው ለክተውና አስልተው የሚበቃውን ብቻ ያስወጡ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የአንድ ትልቅ የውሃ ታንከር ክዳን እንዲቀቡ ታዘዙ። ክዳኑ ከኳስ አናት ተቆርጦ የተወሰደ ይመስል ጉብ ያለ፣ አፉ ከዳር እስከ ዳር ስምንት ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ነበር። ባለገመዱ የአፉን ክብ ብቻ አስልተው «ሃምሳ ካሬ ሜትር» አሉ። የግምጃ ቤቱ ባልደረባቸው ለዚያ የሚበቃ ቀለም በባልዲ ሰፍረው ሰጧቸው። ክዳኑ አንድ አምስተኛው ሳይቀባ ቀለሙ አለቀ። ባለገመዱም ሠራተኛው በተሰበሰበበት «የኔ ሒሳብ አይስትም፤ ሰፋሪው ነው የቆረጠው» አሉ። ባልደረባቸው በልጆቻቸው ቢምሉም የሚሰማ ጠፋ። ከሥራ ተባረሩ፤ ልጆቻቸውም «የቀለም ሌባው ልጆች» ተባሉ።

በ2003 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ለቤት ሥራዋ እንዲህ ያለ ክዳን ሥላ ስታሰላ አዩና «ስፋቱማ የአፉ ነው» አሏት።

«አይ አባባ፣ እሱ ትሪ ሲሆን ነው። ይሄ እኮ ጉብ ብሏል። ገመዱን በውስጥ በኩል ከአናቱ እስከ ከንፈሩ ቀጥ አድርገህ ትወጥርና፣ በዚያው ገመድ ወለል ላይ ክብ ታዞራለህ። የክዳኑ ስፋት የዚያ ክብ ስፋት ነው» አለችና ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። የታንከሩን ልክ ሰጥተው አሠሯት። ስድሳ ሦስት ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወጣ፤ ልዩነቱ ያው ሳይቀባ የቀረው ነበር።

ባልደረባቸውን አፈላልገው እግራቸው ላይ ወደቁ። ባልደረባቸውም «እኔስ ይቅር ብያለሁ። ስሜን ያጠፋኸው ግን ለብቻችን ሆነን አይደለም፤ ሰው ሰብስበህ ነው» አሏቸው። ባለገመዱ ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ባለቤታቸውም ነገሩ ለልጅ ልጆቻቸው እንዳይተርፍ ፈርተው «የተኛ ነገር አትቀስቅስ» እያሉ ሲይዟቸው ዓመታት አለፉ። ይህኛው ጥፋት የባለቤታቸው ነው።

በሳንባ ሕመም ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። የባለቤታቸውን እጅ ይዘው «ስቀበር ሁሉም ይመጣል፤ ያኔ እውነቱን ጽፈሽ አስነብቢልኝ» ብለው ነበር። ባለቤታቸው ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀደዱት፤ በአራተኛው ጻፉት።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል።

በዚያን ቀን በሥፍራው የነበራችሁ የሥራ ጓደኞቻቸው ሆይ፣ ቀለሙ አልተሰረቀም። የሳተው የባለገመዱ ሒሳብ ነው። የግምጃ ቤቱ ባልደረባችሁ አንዲት ጠብታ አልወሰዱም፤ ለልጆቻቸውም ይህንኑ ንገሯቸው።