የመራጊው ጣቶች

ውድ አባባ፣

ካረፉ ዓመት አልፎ ለርስዎ ደብዳቤ ስጽፍ ባለቤቴ ፋሲል ቢያየኝ አበደች ይላል። ይበል።

እዚህ ፍሪሞንት ከተማ ውስጥ በሥራዬ የምንከባከባቸው ሚስስ ሃርሎ የሚባሉ እንግሊዛዊት አሮጊት አሉ። ተወልደው ያደጉበት ቤት እንግሊዝ አገር ነው፤ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ቋሚና አግዳሚው ወፍራም የኦክ እንጨት ሲሆን የተያያዘው በምስማር ሳይሆን በእንጨት ችንካር ነው። ሰሞኑን ለእድሳት ግድግዳው ሲገለጥ የወንድማቸው ልጅ ፎቶ ላከችላቸውና አሳዩኝ። በቋሚዎቹ መሃል የተጠላለፈ ማገር፣ በላዩ ጭድ የገባበት ጭቃ። አባባ፣ የእኛው ጭቃ ቤት ነው። ጭቃው ላይ አራት የጣት ጭረቶች አሉ፤ ምን እንደሆኑ ማንም አላወቀም።

«ሁለተኛው ምርጊት እንዲይዝ ነው፤ መራጊው ሳይደርቅ በጣቱ ይጭረዋል» አልኳቸው።

ተገርመው ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ዩቱብ ላይ አየሁ አልኳቸው።

አፌ እንዲህ ነው፤ ለምዶበታል። ለሰርጌ ኦክላንድ ድረስ መጥተው፣ ለአማቶቼ «አባቴ ኮንትራክተር ናቸው» ስል አጠገቤ ነበሩ።  የተሰነጣጠቁ እጆችዎን ጠረጴዛው ሥር ደበቋቸው። ያሳደገኝን እጅ አሳፈርኩት። ይቅርታ ልጠይቅዎ ዛሬ ነገ ስል ሞት ቀደመኝ።

አማቶቼንስ ፈርቼ ነው እንበል፤ ለእኚህ ሴት ምን አስዋሸኝ? ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ዛሬ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳቀርብ «አባቴ ጭቃ መራጊ ናቸው» አልኳቸው። በእንግሊዝኛ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ሚስስ ሃርሎ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ለካ ጭቃ የሚያውቅ ባለሙያ ጠፍቶ እድሳቱ ቆሟል።

«ቲኬት እንቆርጥላቸዋለን» አሉኝ። «ይመጡልን ይሆን?»

«ነበሩ» ሳይሆን «ናቸው» ማለቴ አሳስቷቸዋል። መሞትዎን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «እጠይቃቸዋለሁ» ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁና አለቀስኩ።

ይኸው ጠየቅኩዎ፣ አባባ። ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ዛሬን ግን ባሕር ማዶ የሚፈለጉ፣ በሕይወት ያሉ ባለሙያ ሆነው ይዋሉልኝ።

የጭቃ መራጊው የጥሩነህ ልጅ፣
ወይንሸት