ስለ ጉማሬዎች ዕረፍትና ስለ ድጓ ቤቱ ዝምታ

ግንቦት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.
ከደንገል በር ገብርኤል የዜማ ጉባኤ ቤት፣ ፎገራ

ለተከበሩ ጓድ አያልነህ
የጣና ዳርቻ ደንገልና ረግረግ መልሶ ማቋቋሚያ ግንባታ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በበኩሌ ጤና ይስጥልኝ ማለት እወዳለሁ፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ግን በስብሰባ ገና ያልተወሰነ መሆኑን ስለማውቅ ስሙን ሳልጠራ አልፌዋለሁና እርስዎ በሚስማማዎ ይሙሉልኝ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና አቧራ ለማይለየው ላንድሮቨርዎም ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔና የቀሩኝ ደቀ መዛሙርት ደኅና ነን፤ ደኅና መሆናችንንም እስከ ቅርብ ቀን ድረስ በሹክሹክታ ስንነጋገር ከርመናል።

ስሜ መሪጌታ ተክለ ማርያም ይባላል። የቁሐር ሚካኤል ተወላጅ ስሆን፣ ውሃው ሜዳውን ሲውጥ ብቻዋን በምትቀረው በዚህች የጣና ዳር ጉብታ ላይ ተቀምጬ ድጓ ሳስተምር ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ይህን ደብዳቤ በወረታ መገንጠያ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከመመሪያዎ ሥር የለጠፍሁት በድፍረት ተነሣሥቼ ሳይሆን፣ ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ የሚሻ ሰው አንገቱን እንዳያዞር አዝኜለት ነው። ሙጫውን ማን ሰጠህ ብለው እንደሚጠይቁኝ እገምታለሁ፤ በከተማው ሱቅ ሁሉ ይሸጣል።

ወደ ጉዳዬ ስገባ፣ ላመሰግንዎ የሚገባኝን ነገር እንደ መመሪያዎ በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በ1973 ዓ.ም. ታንኳ የምንሠራበት የዳርቻው ደንገል የወባና የኋላ ቀርነት መደበቂያ ነው ተብለን በዘመቻ ነቀልነው። መሬቱንም አረስነው፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን ከነዘሩ ጠርጎ ወደ ጣና ይዞት ገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን። አሁን ደግሞ ያንኑ ደንገል፣ ያንኑ ሰው ሰብስበው፣ በዚያው ከበሮ በዘመቻ ያስተክሉናል። እዚህ ላይ ለአፍታ ቀልዴን ልተውና እውነቱን ልናገር፤ ደንገሉ መመለሱ መልካም ነው። ጉማሬዎቹም ባለቤቶች ናቸውና መከበራቸው መልካም ነው፤ ከእኔም ከእርስዎም በፊት እዚህ ነበሩ። እኔን ያስገረመኝ ያን ጊዜ ስንነቅል ማንም ያልጠየቃቸው ጉማሬዎች፣ ዛሬ ስንተክል ስምንት አንቀጽ ያለው መመሪያ የወጣላቸው መሆኑ ብቻ ነው።

፪ኛ. መመሪያው ጥር 21 ቀን በዳርቻው ላይ ሲነበብልን በቦታው ነበርሁ። በአንቀጽ ሦስት መሠረት ከጉማሬ በሁለት መቶ እርምጃ ክልል ውስጥ ድምፅ ማሰማት ክልክል መሆኑን ያስታወቁን በድምፅ ማጉያ ነበር። ከዚያም አራት መቶ ሰው ግራ እጁን አንሥቶ ለጸጥታ መከበር ሦስት ጊዜ መፈክር እንዲያሰማ ታዘዘ፤ አሰማን። ክቡራን ጉማሬዎቹ በአንድ ጊዜ ሰመጡ፤ እርስዎም መስመጣቸውን እንደ ድጋፍ ቆጥረው አመሰገኗቸው። በማግስቱ የረግረጉን ውሃ የሚያቁር ግድብ ሊሠራ ዶዘር መጣ። ዶዘሩ አፈር ሲገፋ በወረታ ገበያ ያለ ነጋዴ ዋጋ በምልክት ነው የሚነጋገረው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ነገር ግን አንቀጽ አምስት «ለሥራው አስፈላጊ የሆነ ድምፅ እንደ ድምፅ አይቆጠርም» ስለሚል፣ የምንሰማው ሁሉ ያልተሰማ መሆኑን ተረድተን ጆሯችንን ገሠጽን።

፫ኛ. ጉማሬዎቹ ግን አንቀጽ አምስትን አላነበቡም። ዶዘሩ በገባ በሳምንቱ የኖሩበትን ወሽመጥ ጥለው፣ ከመካከላቸው አንዲት እርጉዝ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ በእኛ ጉብታ ግርጌ ወዳለው ደንገል መጡ። እኛ ወደ እነርሱ አልሄድንም፤ እነርሱ ናቸው የመጡብን። ከዚያ የጉማሬ ተመልካች አድርገው የሾሙት አንለይ መጥቶ በእርምጃ ለካን፤ ከውሃው እስከ ጉባኤ ቤቱ መቶ ዘጠና ስድስት ሆነ። አንለይ ቅልጥመ ረጅም ሆኖብን ነው እንጂ አጭር ሰው ቢለካው ኖሮ ከክልሉ ውጭ በሆንን ነበር።

አንለይ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ የዓቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓን፣ ሳይጨርስ አብዮት ጥበቃ ገባ። ታማኝ ልጅ ስለሆነ አልከስሰውም። ሰውን ዝም እንዲያሰኝበት የሰጡት መሣሪያ ግን ፊሽካ ነው። አንድ ተማሪ ሲያስነጥስ ፊሽካው ይነፋል፤ በፊሽካው ጉማሬዎቹ ይሰምጣሉ፤ መስመጣቸውም አንለይ በሚሞላው ቅጽ ላይ በማስነጠሱ ሥር ይመዘገባል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ንግሥቲ ማለዳ ተነሥታ እርጉዟን ጉማሬ ከጓያ ማሳዋ መካከል ብታገኛት «ውጪ ከማሳዬ! የኔ ልጆች ምን ሊበሉ ነው?» ብላ በመጮኋ ሁለት ቀን ለግድቡ አፈር እንድትሸከም ተፈረደባት። ጓያው ስለ መበላቱ የሚሞላ ቅጽ መኖሩን ጠይቃ የለም ተብላለች።

በዚያው ቅጽ መሠረት ጉማሬ አፏን ከከፈተች ታወከች ማለት ነው። በዚህም ስሌት የእኔ ጉባኤ ቤት በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ጉማሬ ማወኩ ተመዝግቧል። ጓድ ኃላፊ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደቀ መዛሙርቴ ፊት ለፊቴ ሲያዛጉብኝ ኖሬአለሁ፤ አንድም ቀን ለበላይ አካል ሪፖርት አላደረግሁም።

፬ኛ. ስለ ዝምታው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ ድጓ ግን ዝም ካሉት ይነቅዛል። ከየካቲት ጀምሮ፣ ዓቢይ ጾምን ሙሉ፣ ጾመ ድጓን በገዛ ወራቱ በሹክሹክታ አስተማርሁ። ዜማ በሹክሹክታ ዜማ አይደለም፤ መውጫና መውረጃው ጠፍቶ የንባብ ሬሳ ይሆናል። ከሃያ ሦስቱ ተማሪዎቼ አሥራ አራቱ «የኔታ፣ ይፍቱን» ብለው አኩፋዳቸውን አንግተው ድምፅ ወዳለበት አገር ሄዱ። እህል ሊሸምት የወረደው የወረታው ነጋዴ የሱፍ እንኳ ከበቅሎው ወርዶ «የኔታ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው እንዲህ ዝም ያላችሁ?» አለኝ። ሰው ቢሞትማ እንጮህ ነበር አልሁት።

ከቀሩት ዘጠኙ አንዱ አበረ ነው። አበረ ዐይነ ስውር ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ከጋይንት ድረስ በዱላ እየዳበሰ መጥቶ ስድስት ዓመት ሲማር ያለ ጆሮው ሌላ መጽሐፍ የለውም። ሹክሹክታው ሲመጣ ያ መጽሐፉ ተዘጋ። አንድ ቀን ተጠግቶ «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለና ጣቶቹን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈ፤ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ በጣቶቹ ሊከተል። በመምህር ጉሮሮ ላይ እጅ ማሳረፍ በእኛ ሥርዓት ከባድ ነውር ነው። እኔ ግን ፈቀድሁለት፤ ጾሙን ሁሉ እንዲያ ተማረ። ይህን ስጽፍ ቀልዴ ሁሉ ይጠፋብኛል፤ አዝኛለሁ፤ ተቆጥቻለሁም። እርስዎንም ለዚህ በምን ቃል እንደማመሰግንዎ እስካሁን አላገኘሁም።

ግንቦት 8 ቀን ደግሞ ሌላ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ጉባኤ ቤቱና የተማሪዎቹ ጎጆዎች እስከ ግንቦት 30 ፈርሰው እንዲነሡ ያዝዛል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ጉማሬዎችን አሥራ አንድ ጊዜ ማወካችን በጉልህ ተጽፏል፤ የጉብታው አፈር ለግድቡ ሙሌት የሚፈለግ መሆኑ ደግሞ ከግርጌው በደቃቁ ተጽፏል። ዐይኔ ቢደክምም ደቃቅ ጽሕፈት ማንበብ ከልጅነቴ የለመድሁት ስለሆነ አላመለጠኝም።

እንግዲህ ዋናው ምስጋናዬ ከዚህ በኋላ ነው።

ግንቦት 12 ቀን ከቀትር በኋላ፣ አበረ እንደ ልማዱ ጣቶቹን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፎ ሳለ በድንገት እጁን አነሣና ወደ ውሃው ዞረ። «የኔታ፣ ትንፋሹ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ትንሽ ነው» አለ። እኔ ሰባት ሰው በአንድነት ሲያዜም የአንዱን ስሕተት የምለይ ሰው ምንም አልሰማሁም። አንለይን ጠራነው፤ በሆዱ ተስቦ ደንገሉን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ጉማሬዋ ወልዳለች። ዝም ባያሰኙን ኖሮ ያን ትንሽ ትንፋሽ ማንም ባልሰማው ነበርና መመሪያዎ ይህን ያህል ጠቅሟል። አንለይም ወዲያው በቅጽ ቁጥር 47 መዝግቦ፣ የጽሕፈት ቤትዎን ማኅተም አሳርፎ፣ ፊደሉን እንዳርምለት ወደ እኔ አመጣው። ቅጾቹን ሁሉ የማርምለት እኔ መሆኔን እስካሁን ሳላሳውቅዎ በመቅረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከዚያ ወዲያ መመሪያዎን እንደ ድጓ አወጣሁት፤ ቃል በቃል፣ በቃሌ። አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «ግልገል የያዘች ጉማሬ ባለችበት በአራት መቶ እርምጃ ክልል ውስጥ፣ ግልገሏ ከጡት እስክትለይ ድረስ፣ ማናቸውም ዓይነት መቆፈር፣ መገንባት፣ ቤት ማፍረስና ማንሣት ፈጽሞ ክልክል ነው።» ለሥራ አስፈላጊ ከሆነ የሚል ሐረግ ፈልጌ አጣሁ፤ ረስተውት ይሆናል። አንቀጽ ስምንት ደግሞ «እናቲቱ የለመደችው የአካባቢው ሁኔታ እንዳይለወጥባት» ያዝዛል። የለመደችውስ ምንድን ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጉብታው ላይ እስከ ወሽመጧ የወረደላት ድጓ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ቅጹ ነው። ዝም ባልንባቸው ቀናት «ከውሃ ወጥታ ወደ ጎጆዎቹ ስታይ ዋለች፤ ዕረፍት የላትም» ብሎ አንለይ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጽፏል። በሆሣዕና ዋዜማ ተማሪዎቹ ራሳቸውን መግዛት አቅቷቸው ድምፃቸው በወጣ ጊዜ ግን የጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «ተኛች።» ከዶዘሩ ሸሽታ ወደ እኛ የመጣችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የምታውቀው ድምፅ የእኛ ነበር።

ስለዚህ ከግንቦት 13 ጀምሮ፣ እኔና ዘጠኙ ደቀ መዛሙርት፣ አንቀጽ ስምንትን በሙሉ ድምፃችን እያከበርን እንገኛለን። ይህን እንቢተኝነት ነው የሚልዎ ሰው ካለ አይስሙት፤ መመሪያ በዚህ ሜዳ ላይ እንዲህ በትጋት ተከብሮ አያውቅም። አበረም እጁን ከጉሮሮዬ አንሥቷል። ግልገሏ ከጡት የምትለይበት ጊዜ አንድ ዓመት ግድም ነው ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች፤ በወረታ አንድ ዓመት የዘለቀ መመሪያ እስካሁን አላየሁምና ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ለዚያን ጊዜ ባለሥልጣን ልተወው።

ለጉማሬዎቹ ስላሰቡ፣ ሳያስቡም ለእኛ ስላሰቡ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንሁ፣ ሥራዎ እንዲቃና፣ እንቅልፍዎም እንደ ጉማሬዋ የሰላም እንዲሆን የምመኝ፣

የደንገል በር ገብርኤል የድጓ መምህር፣ በቅጽ አሥራ አንድ ጊዜ የተመዘገብሁት ጉማሬ አዋኪ፣
መሪጌታ ተክለ ማርያም

ግልባጭ፦
— ለጉማሬ ተመልካች አንለይ (ፊደሉ የታረመ)
— ለወይዘሮ ንግሥቲ (አፈር ተሸክማ ስትመለስ እንዲነበብላት)
— ለጉማሬዋ (በዜማ ይደርሳታል)

ማሳሰቢያ፦ ስለዚህ ደብዳቤ ሊጠይቁኝ ወይም ሊወስዱኝ ቢፈልጉ አልጠፋም፤ ድምፅ ተከትለው ይምጡ። ሆኖም አንቀጽ ሰባት እንዳይጣስብዎ ላንድሮቨሩን አራት መቶ እርምጃ ላይ ያቁሙት፤ ፊሽካ አይያዙ፤ ጫማዎ ቋጥኝ ላይ እንዳይጮህ ያውልቁት፤ ቀስ ብለው፣ አንገትዎን ደፍተው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ ጉብታው ይውጡ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው አዲስ ተማሪ ነው፤ የሚቀመጡበትን አበረ ያሳይዎታል።